የሳይነስ ወለልና የተተከለው አጥንት፦ የአንድ ቀዶ ሕክምና ታሪክ

በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ጥርሶቹን ያጣ ሰው ከዓመታት በኋላ በቦታቸው የቲታኒየም ብሎን አስተክሎ በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያስገጥም ሲፈልግ፣ ሐኪሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው ብሎኑን የሚይዝ በቂ አጥንት አለመኖሩ ነው። ከእነዚህ ጥርሶች ሥር በላይ፣ በላይኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ፣ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላበት ባዶ ክፍል ይገኛል፤ ይህ ክፍል በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ያህል መጠን ሲኖረው፣ ግድግዳው ጤናማ በሆነ ጊዜ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ እርጥብና ስስ ሽፋን ተለብጧል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ ከታች በኩል እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ሳይነሱም በበኩሉ ወደ ታች ስለሚሰፋ፣ በአፍና በሳይነሱ መካከል የሚቀረው አጥንት አንዳንዴ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሐኪሞች በመንጋጋው የጎን ግድግዳ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍተው፣ ስስ ሽፋኑን ሳይቀድዱ ከወለሉ ያላቅቁትና ወደ ላይ ይገፉታል፤ ከሥሩ በተፈጠረው ቦታም አጥንት ወይም አጥንትን የሚተካ ነገር ይሞላሉ። ሥራው ሳይነስ ማንሳት ወይም በተለመደው የባለሙያዎች አጠራር ሳይነስ ሊፍት ይባላል።

ይህ ቀዶ ሕክምና በዛሬው መልኩ የተወለደው በ1970ዎቹ በአሜሪካ ስለሆነ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ መምሰሉ አያስገርምም። በእርግጥ ግን ለረጅም ዘመን ሳይተዋወቁ የኖሩ የሁለት ሙያዎች መገናኛ ነው። አንደኛው የአፍንጫንና የፊት አጥንቶችን ክፍተቶች ያጠኑ የአካል አጥኚዎችና የአፍንጫ ሐኪሞች ሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎደለን አጥንት በሌላ አጥንት ለመተካት የታገሉት የአጥንት ቀዳጅ ሐኪሞች ሙያ ነው። ሁለተኛውን ከመነሻው ጀምሮ ሲከፋፍል የኖረው ጥያቄ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተተከለ አጥንት በአዲሱ ቦታው ሕያው ሆኖ ይቀጥላል ወይስ ሞቶ ለአዲስ አጥንት ቦታውን ይለቃል የሚል ነበር፤ የሳይነስ ማንሳትን ታሪክ በአግባቡ ለመረዳት ይህን ጥያቄ መከተል ከመሣሪያዎቹና ከሐኪሞቹ ስም ዝርዝር ይልቅ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ክፍተቱን ከቀደምት ሰዎች ሁሉ በጥንቃቄ የሳለው በ1489 ገደማ የራስ ቅልን እየሰነጠቀ ያጠናው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን በእርሱ ዘመን ስላልታተሙ በሕክምናው ዓለም ላይ ያሳደሩት ተጽእኖ አልነበረም። በመጽሐፍ ገልጾ ስሙን ያተረፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ናታንኤል ሃይሞር ሲሆን፣ በ1651 ባሳተመው የአካል ጥናት መጽሐፉ ውስጥ ያሰፈረው የአንዲት ታካሚ ታሪክ ዛሬም በሙያው ይጠቀሳል። ሴትዮዋ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለላት በኋላ በቀዳዳው በኩል ፈሳሽ መውጣቱን ስላላቆመ፣ ምክንያቱን ለማወቅ መጀመሪያ የብር ወስፌ፣ ቀጥሎም ጭራዎቹ የተገፈፉ የላባ ዘንግ ወደ ውስጥ ከተተች፤ ዘንጉ እጅግ ርቆ ሲገባም አንጎሏ የደረሰ መስሏት ደነገጠች። ሃይሞር ላባው በባዶው ክፍል ውስጥ ተጠምዞ እንደነበረ በማስረዳት አረጋጋት፤ ክፍሉም ለብዙ ዘመን በእርሱ ስም ሲጠራ ኖረ። ታሪኩ ከሐኪሞች መዝናኛነት ያለፈ ዋጋ አለው፤ የጥርስ ሥርና ሳይነስ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ፣ በሁለቱ መካከል ያለው አጥንትም ምን ያህል ስስ እንደሆነ በጽሑፍ ከሰፈሩት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነውና።

ከሃይሞር ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጀርመን የቪተንበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር ከ1660 ጀምሮ ባሳተማቸው ጥራዞች ከጥንቱ ሐኪም ከገሌን ጀምሮ የተወረሰን አንድ እምነት አፈረሰ። ጥንታውያኑ ከአፍንጫ የሚወርደው ንፍጥ በራስ ቅል ቀዳዳዎች አልፎ ከአንጎል የሚንጠባጠብ ዝቃጭ ነው ይሉ ነበር፤ ሽናይደር ግን ፈሳሹን የሚያመነጨው አፍንጫን የሚለብጠው ሽፋን ራሱ መሆኑን አሳየ። ዛሬ የጥርስ ሐኪሞች ሳይነስ ሲያነሱ እንዳይቀደድ የሚጠነቀቁለትን ሽፋን በሽናይደር ስም የሚጠሩት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሽናይደር ስለ ጥርስ ተከላ የሚያውቀው ነገር ባይኖርም፣ ሽፋኑ ሥራ ያለው ሕያው አካል መሆኑን ያስተማረው እርሱ ስለሆነ ስያሜው አለቦታው አልዋለም።

እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሳይነስ በሐኪሞች ዓይን የመግል ማጠራቀሚያ እንጂ ሌላ አልነበረም። በ1893 በኒውዮርክ ጆርጅ ካልድዌል፣ በ1897 ደግሞ በፓሪስ አንሪ ሉክ ከላይኛው ከንፈር ሥር፣ ከክራንቻ ጥርስ በላይ ባለው ስስ የአጥንት ግድግዳ በኩል ወደ ሳይነሱ የሚገባ ቀዶ ሕክምና አሳወቁ፤ ዓላማውም መግሉን ማፍሰስና የታመመውን ሽፋን ፍቆ ማውጣት ነበር። የዛሬው ሳይነስ ማንሳት የገባበት በር ይኸው ነው፤ አሳቡ ግን ፈጽሞ ተገልብጧል፤ ካልድዌልና ሉክ ሽፋኑን እንደ በሽታ ምንጭ አውጥተው ሲጥሉት፣ ከ80 ዓመት በኋላ የመጡት ሐኪሞች በዚያው መስኮት ገብተው የሚደክሙት ያን ሽፋን ሳይነካ ለማቆየት ነው።

የአጥንት ንቅለ ተከላ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1668 ከታተመው የአምስተርዳሙ ቀዳጅ ሐኪም የዮብ ቫን ሜኬረን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የራስ ቅሉ በጦር ሜዳ ስለተጎዳና ጉድለቱ በውሻ አጥንት ስለተሞላለት የሩስያ ሰው ያወራል፤ ቤተ ክርስቲያን የእንስሳ አጥንት ተሸክሟል ብላ ስላወገዘችው አጥንቱ እንዲወጣለት ለመነ ይባላል። ቫን ሜኬረን ይህን የጻፈው ከሌላ ሰምቶ እንጂ ራሱ አክሞ ወይም አይቶ ስላልሆነ፣ ታሪኩን እንደ ሕክምና መዝገብ መውሰድ አይገባም፤ ይልቅስ የእንስሳ አካል በሰው አካል ውስጥ መግባቱ ገና ከጅምሩ የሃይማኖት ጥያቄ እንዳስነሳ ማሳየቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥያቄውን በሙከራ መመርመር የተጀመረው በፈረንሳይ ነው። ከዕፅዋትና ከእርሻ ጥናት ወደ አጥንት የተሻገረው ዱሃሜል ዱ ሞንሶ በ1740ዎቹ መጀመሪያ በእንስሳት አጥንት ልባስ ሥር የብር ሽቦ ቀብሮ፣ ከሳምንታት በኋላ ሽቦው በአዲስ አጥንት ተሸፍኖ ስላገኘው፣ የዛፍ ግንድ ከልጡ ሥር እንደሚወፍር ሁሉ አጥንትም ከልባሱ እንደሚያድግ ደመደመ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሊዮኑ ሐኪም ሉዊ ኦሊዬ ይህንኑ ፈር ተከትሎ፣ በ1867 ባሳተመው ሰፊ ሥራው ከነልባሱ የተነቀለ አጥንት በአዲሱ ቦታ ሕይወቱን ይቀጥላል ሲል ተከራከረ። በግላስጎው የሠራው ዊልያም ማክዩዌን ደግሞ በ1881 ባቀረበው ዘገባ የላይኛው ክንድ አጥንቱ በበሽታ የጠፋበትን ሕፃን እንዴት እንዳከመ ገለጸ፤ የተጠቀመባቸው እግራቸው ስለተጣመመ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሌሎች ሕፃናት የወጡ የአጥንት ቁርጥራጮች ነበሩ፤ የልጁም ክንድ ሥራ ለመሥራት በቃ። ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው በተላለፈ አጥንት የተገኘ ውጤት ሆኖ ዘገባው ዛሬም ይጠቀሳል።

የኦሊዬን እምነት ያናወጠው ጀርመናዊው አርቱር ባርት ነው። ባርት በ1890ዎቹ በአጉሊ መነጽር ባደረገው ጥናት የተተከለው አጥንት አብዛኛው ክፍል እንደሚሞት፣ ከዚያም ከጎረቤት ሕያው አጥንት የሚነሱ ሴሎች የሞተውን በጥቂት በጥቂቱ እየበሉ በምትኩ አዲስ እንደሚሠሩ አየ። አሜሪካዊው ፌሚስተር በ1914 በእንግሊዝኛ ያስፋፋው ይህ ዝግ ያለ መተካካት የአጥንት ንቅለ ተከላን ትርጉም ለወጠው፤ የተተከለው አጥንት ቤቱን የሚሠራው ግንበኛ ሳይሆን ግንበኛው የሚቆምበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከሆነ፣ መወጣጫው ከሕያው አጥንት መሠራቱ የግድ አይደለምና። ሐኪሞችም ይህ ትርጓሜ ከመደላደሉ በፊት በልማድ ወደዚያው ሲጠጉ ነበር፤ ድሬስማን በ1892 በአጥንት ውስጥ ያሉ ጉድጓዶችን በጄሶ መሙላቱን ሲዘግብ፣ ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ አሜሪካዊው ኒኮላስ ሴን በአሲድ ማዕድኑ የወጣለት የበሬ አጥንት ተጠቅሞ ነበር። ሴን አጥንቱን የመረጠው በዋናነት መድኃኒት ተሸካሚ እንዲሆን ቢሆንም፣ ጉድጓዶቹ በአዲስ አጥንት ሲሞሉ ተመለከተ፤ የዚህ ነገር ምክንያት ግን እስከ 1965 ድረስ ተደብቆ ቆየ።

መንጋጋን በአጥንት ንቅለ ተከላ መጠገን በስፋት የተለመደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ በምሽግ ውጊያ ራሱን ብቅ ያደረገ ወታደር ፊቱን ይመታ ስለነበር፣ በጀርመን በዱሴልዶርፍ፣ በእንግሊዝም ሃሮልድ ጊሊስ በሠራበት የሲድካፕ ሆስፒታል ቀዳጅ ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ጎን ለጎን ቆመው ከዳሌ አጥንት እየወሰዱ መንጋጋ መጠገን ለመዱ። የጥርስ ሐኪም አጥንትን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ማየት የጀመረው በእነዚህ ክፍሎች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው ጦርነት ወቅት ሬይንስፎርድ ሞውለም ድፍን አጥንትን ትቶ ከዳሌ ውስጠኛው ስፖንጅ መሰል ክፍል የተፈቀፈቀ የአጥንት ፍርፋሪ መጠቀም ቶሎ እንደሚያድን በ1944 አሳየ፤ በ1949 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሟቾች የተለገሰ አጥንት የሚያከማች ባንክ በቤቴስዳ አቋቋመ።

ከዚያም ማርሻል ዩሪስት መጣ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ዩሪስት ማዕድኑ በአሲድ የወጣለት አጥንት ወስዶ አጥንት በሌለበት ስፍራ፣ በእንስሳ ጡንቻ ውስጥ ቀበረው፤ በጡንቻውም ውስጥ አዲስ አጥንት በቀለ። በ1965 የታተመው ይህ ግኝት የአጥንት ውስጠኛ ነገር ተራ ሴሎችን አጥንት ሠሪ እንዲሆኑ የሚያዝዝ ፕሮቲን መያዙን አመለከተ፤ የሴን የበሬ አጥንት ምስጢርም በዚህ ተፈታ። የኦሊዬና የባርት ክርክር በዩሪስት እጅ ሦስተኛ መልስ አገኘ፤ የተተከለ አጥንት ሞቶም ቢሆን ትእዛዝ ማስተላለፍ ይችላልና።

እስከዚህ ድረስ ከተነገረው ውስጥ ስለ ሳይነስ ወለል ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ሊያስብም ምክንያት አልነበረውም። ጥርስ ያጣ ሰው ድዱ ላይ የሚቀመጥ ተነቃይ ጥርስ ይሠራለት ነበር፤ ተነቃይ ጥርስ ደግሞ አጥንት ቢሳሳም በመጠኑ ይሠራል። ምክንያቱን የፈጠረው ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። ብሮኔማርክ በ1952 በሉንድ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማየት የቲታኒየም መመልከቻ ተክሎ፣ በኋላ ሊያወጣው ሲሞክር አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አልለቅ ስላለው፣ ይህ እንቅፋት ራሱ ጥርስ ለመትከል እንደሚያገለግል ተገነዘበ፤ በ1965 በጎተንበርግ የመጀመሪያው ታካሚ መንጋጋ ላይ የቲታኒየም ብሎኖችን ተከለ፤ የአሥር ዓመት ውጤቱን በ1977 አሳተመ፤ በ1982 በቶሮንቶ በተካሄደ ጉባኤ ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች ሥራውን ተቀበሉት። ብሎኑ ግን ከተነቃይ ጥርስ ይልቅ ብዙ አጥንት ይጠይቃል፤ በዚያን ጊዜ ሐኪሞች የሚመርጡት 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝመውን ስለነበር፣ በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ያማረው ሥራ በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ሲደርስ ከሳይነሱ ጋር ተጋጨ።

በአሜሪካ ግን ቶሮንቶን ያልጠበቁ ሐኪሞች ነበሩ። ሊዮናርድ ሊንኮ በ1960ዎቹ ያስፋፋውን ስለት መሰል ጠፍጣፋ ተከላና ሌሎች ዓይነቶችን እየሞከሩ ይሠሩ ስለነበር፣ የሳይነስ ችግር የገጠማቸው ቀደም ብሎ ነው። በአላባማ የሠራው ሂልት ቴተም በ1970ዎቹ አጋማሽ የካልድዌልና የሉክን መንገድ ለውጦ፣ መስኮቱ የተከፈተበትን የአጥንት ቁራጭ ሳያስወግድ ከነሽፋኑ ወደ ውስጥና ወደ ላይ በማጠፍ የሳይነሱ አዲስ ወለል አደረገው፤ ሥራውንም በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ ለሙያ ባልደረቦቹ በአላባማ ገለጸ፤ በጽሑፍ ያቀረበው ግን በ1986 ነው። በካሊፎርኒያ የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፊሊፕ ቦይንና ሮበርት ጄምስ በበኩላቸው በ1980 በሳይነስ ወለል ላይ ከታካሚው ዳሌ የተወሰደ አጥንትና መቅኔ ሞልተው፣ አጥንቱ ከጸና በኋላ በላዩ ስለት መሰል ተከላ ማስገባታቸውን አሳተሙ። ቦይን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ለተነቃይ ጥርስ ቦታ ለማስተካከል ሲል በሳይነሱ ወለል ላይ አጥንት ይሞላ ነበር። የቀዳሚነቱ ክብር የማን ነው የሚለው ክርክር ሁለት መልስ አለው፤ በታተመ ጽሑፍ ከተቆጠረ የቦይንና የጄምስ፣ በእጅ ሥራ ከተቆጠረ ግን የቴተም ነው፤ የሳይንስ ታሪክ ጽሑፍን ማስቀደሙ ቢገባም፣ የቀዶ ሕክምና ሙያ በብዛት የሚተላለፈው በማየት ስለሆነ ቴተምን ወደ ኅዳግ ማስታወሻ ማውረድ ፍትሐዊ አይሆንም።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሥራው ከሆስፒታል ወደ ግል የጥርስ ክሊኒክ ሲወርድ፣ የታካሚውን ዳሌ መክፈት ሙሉ ማደንዘዣ፣ የሆስፒታል አልጋና ለሳምንታት ማንከስን ስለሚጠይቅ፣ ሐኪሞች መጀመሪያ ወደ አገጭና ወደ ታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል፣ ቀጥሎም ወደ ጠርሙስ ዘወር አሉ። በባንክ የተከማቸ የሰው አጥንት፣ ፕሮቲኑ በሙቀትና በኬሚካል የወጣለት የከብት አጥንት፣ ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ሰው ሠራሽ ቅንጣት ሁሉም ተሞከሩ። ሐኪሞች በ1996 በማሳቹሴትስ ተሰብስበው፣ ከ38 ቀዳጅ ሐኪሞች የተሰበሰበ የ1,007 ሳይነስና የ2,997 ተከላ መረጃ ሲመረምሩ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሥራ ላይ ከዋሉት ተከላዎች 90 ከመቶ ያህሉ መጽናታቸውን፣ አንዱ መሙያ ከሌላው እንደሚበልጥ ግን መረጃው እንደማያረጋግጥ አወቁ። ይህ ውጤት ለባርት አሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ የራስ አጥንትም የከብት አጥንትም ተቀራራቢ ውጤት ከሰጡ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሚሞላው ነገር አይደለምና።

የቫን ሜኬረን መጽሐፍ ያነሣው የሃይማኖት ጥያቄም በዚሁ ዘመን በአዲስ መልክ ተመለሰ፤ የሳይነሱን መስኮት ለመሸፈን በብዛት የሚሠራባቸው ስስ የኮላጅን ልባሶች ብዙዎቹ ከአሳማ የሚገኙ ናቸውና። አሳማን በእምነት ሥርዓታቸው የማይቀርቡ ሕዝቦች፣ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ጭምር፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል፤ መሙያውም ልባሱም ከየት እንደመጣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠየቅ የታካሚው መብት ሲሆን፣ ከከብት የተሠሩና ሰው ሠራሽ አማራጮች መኖራቸውን መንገር ደግሞ የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣው ለውጥ በአመዛኙ የመሣሪያና የጥንቃቄ ነው። ሮበርት ሰመርስ በ1994 በጎን መስኮት ሳይከፈት፣ ለብሎኑ በተዘጋጀው ቀዳዳ በኩል በዱልዱም መውጊያ ወለሉን መትቶ ከፍ የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ፤ የቀረው አጥንት 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነበት ታካሚም ቀላሉ መንገድ ሆነ። ጣሊያናዊው ቬርቸሎቲ በ2001 ያሳወቀው በድምፅ ሞገድ ንዝረት አጥንት የሚቆርጥ መሣሪያ ጠንካራውን እየቆረጠ ለስላሳውን ስለሚያልፍ፣ የሽናይደርን ሽፋን ከመቀደድ ለመጠበቅ አገዘ። የዩሪስት ፕሮቲንም በጂን ምህንድስና ተመርቶ በ2007 በአሜሪካ መንግሥት ለሳይነስ ሥራ ተፈቀደ፤ ዋጋው ውድ ስለሆነና በቀዶ ሕክምናው አካባቢ ከባድ እብጠት ስለሚያስከትል ግን ቀድሞ የተነገረለትን ያህል አልተስፋፋም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የድሮውን ክርክር ወደ ጫፉ ያደረሰው የስዊድኑ ስቴፋን ሉንድግሬንና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት ሥራ ነው። ሽፋኑን ካነሱ በኋላ በሥሩ ምንም ሳይሞሉ፣ ብሎኖቹ ብቻ እንደ ድንኳን ምሰሶ እንዲደግፉት አድርገው መስኮቱን ዘጉ፤ ክፍተቱን የሞላው የታካሚው ደም ብቻ ነበር፤ ከወራት በኋላም የረጋው ደም በነበረበት ቦታ አጥንት ተገኘ። ዘዴው ሽፋኑ ከፍ ብሎ በሚቆይበት ሁኔታ የሚሠራና የሚገኘውም የአጥንት ከፍታ የተወሰነ ስለሆነ መሙያን ጨርሶ አላስቀረም፤ ሆኖም ከዳሌ የተወሰደ ሕያው አጥንት አስፈላጊ ነው ከተባለበት ከ1980 እስከ 2004 ባሉት 24 ዓመታት ውስጥ ሙያው የት እንደደረሰ ያሳያል። በዚያው ጊዜ ገጽታቸው የሻከረ፣ ርዝመታቸው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ አጫጭር ብሎኖች ጥሩ ውጤት ማሳየት ስለጀመሩ፣ ቀድሞ ለሳይነስ ማንሳት ይላኩ የነበሩ ታካሚዎች በከፊል ያለዚህ ቀዶ ሕክምና መታከም ቻሉ፤ ብሮኔማርክ ራሱም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ፣ ርዝመታቸው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ብሎኖችን በሳይነሱ አሳልፎ በጉንጭ አጥንት ላይ በመትከል፣ ከፍተኛ የአጥንት ጉድለት ያለባቸው ሰዎች አጥንት ሳይተከልላቸው ጥርስ እንዲያገኙ አደረገ።